ኮሃን ጅማ ላይ ተክሎ ማኅበረሰቡን መቀላቀል፦ ከመጫን እስከ ማካፈል

ጅማ አካባቢ የቡና ለቀማ ሲደርስ ሰው ብቻውን አይለፋም። ዛሬ የእኔ ማሳ፣ ነገ ያንተ። ወንፈል እንለዋለን፤ በኦሮምኛ ደግሞ ዳዶ። መጽሐፍ የሚመዘገብበትንና የሚዋስበትን፣ ኮሃ የሚባለውን የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ስሙ የማኦሪዎች፣ ማለትም የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ቃል ነው። ትርጉሙ ስጦታ ነው፤ ግን ተቀባዩም በተራው የሚሰጥበት ስጦታ።

ታሪኩ አጭር ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) በ1999 ሆሮዌኑዋ የተባለ የኒውዚላንድ አካባቢ ቤተ መጻሕፍት ችግር ገጠመው። የሚጠቀምበት አሮጌ ሥርዓት 2000ን መሻገር አይችልም ነበር። ካቲፖ የሚባል ድርጅት አዲስ ሠራላቸው፤ በጃንዋሪ 2000 ሥራ ጀመረ። ከዚያ ቆልፈው አልሸጡትም። ኮዱን ማንም እንዲወስደው፣ እንዲያሻሽለው፣ መልሶ እንዲያካፍለው ለቀቁት። 1999 የጅማ ዩኒቨርሲቲም የተመሠረተበት ዓመት ነው፤ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ የተዋሃዱበት። ኮሃና ዩኒቨርሲቲያችን እኩዮች ናቸው ማለት ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለትምህርት ቤት፣ ለኮሌጅ፣ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ነው። ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። ብዙዎቻችን ኮሃን እናወርዳለን፣ እንጠቀማለን፣ ችግር ሲገጥመን ዝም እንላለን። ወንፈል ላይ በልቶ የሄደ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ስለዚህ ግማሹ መመሪያ ስለ መጫንና ማስተካከል ነው፤ ግማሹ ስለ መመለስ።

መጀመሪያ፦ ማሽኑና መረቡ

ለትንሽ ቤተ መጻሕፍት 4 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ያስጀምራል። 8 ካገኛችሁ ይሻላል። ሰርቨሩ አንድ ነው። የሠራተኞቹና የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ብራውዘር ብቻ ካላቸው ይበቃል፤ ዊንዶውስም ይሁኑ ሌላ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለማዋስና ለመመለስ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሰርቨሩና ኮምፒውተሮቹ በአንድ ራውተር ከተገናኙ ሥራው ይቀጥላል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለመጫን፣ ለማሻሻያና ከሌሎች ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ መረጃ ለመቅዳት ነው። መብራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጅማ ክረምት ነጎድጓድ ቀልድ አያውቅም። ሰርቨሩም ራውተሩም ዩ ፒ ኤስ ላይ ይሰኩ።

መጫኑ

ኮሃ የሚሠራው ሊኑክስ ላይ ነው። ዴቢያን ዋናው ነው፤ ኡቡንቱም ላይ ይሄዳል። ከማኅበረሰቡ የፓኬጅ ማከማቻ ጫኑት። ኮዱን አውርዶ በእጅ መገጣጠም ይቻላል፤ ማሻሻያ ሲመጣ ግን ያስለቅሳል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የማከማቻውን አድራሻና የፊርማ ቁልፉን አስገቡ። መረጃው የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ ማሪያ ዲቢንና ‹ኮሃ ኮመን› የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። ገጾቹን ለብራውዘር በሚያቀርበው አፓቺ ላይ ሪራይት፣ ሲ ጂ አይ፣ ሄደርስና ፕሮክሲ የሚባሉትን ሞጁሎች አብሩ። ‹ኮሃ ሳይትስ› በሚለው ፋይል የሠራተኞች ገጽ በየትኛው ፖርት እንደሚከፈት ወስኑ፤ የተለመደው 8080 ነው። ከዚያ ‹ኮሃ ክሪኤት› በሚለው ትእዛዝ የቤተ መጻሕፍታችሁን ኢንስታንስ፣ ማለትም የራሳችሁን ኮሃ፣ ፍጠሩ። ቀሪው ብራውዘር ላይ ነው። የመረጃ ቅርጽ ሲጠይቃችሁ ማርክ 21ን ምረጡ፤ የመጽሐፉ መረጃ በቁጥር በሚጠሩ መስኮች የሚገባበት የካታሎግ ደረጃ ነው። መጀመሪያ የምትገቡት በዳታቤዙ አካውንት ነው፤ ጫኚው ግን ሱፐር ላይብረሪያን (ሙሉ ሥልጣን ያለው) የሆነ የራሳችሁን አካውንት ያስከፍታችኋል። ከዚያ ወዲያ በዳታቤዙ አካውንት አትሥሩ።

ስለ ቅጂ ቁጥር አንድ ነገር። ኮሃ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሜይና በኖቬምበር፣ አዲስ ቅጂ ያወጣል። ቁጥሩ ዓመትና ወር ነው፤ 24.05 ማለት የሜይ 2024 ቅጂ ነው። በየወሩ ደግሞ የጥገና ቅጂ ይወጣል። አዲሱ በወጣበት ቀን አትሩጡ። ቢያንስ ሁለት ሦስት የጥገና ቅጂ እስኪወጣለት ጠብቁ። ሌሎች የመቱት ጉድጓድ እስከዚያ ይደፈናል።

መጽሐፍ ከማስገባታችሁ በፊት፦ የፊደሉ ነገር

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ከሌላው ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

አንድ ተማሪ ካታሎጉ ላይ «አለም» ብሎ ይጽፋል። መጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለው «ዓለም» ነው። ውጤቱ ባዶ። ተማሪው «የለም» ብሎ ይወጣል። መጽሐፉ ግን ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ኮምፒውተር ድምፅ አይሰማም። ለእሱ አ እና ዐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ፀሐይን ብቻ ተመልከቱ፦ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ፣ ፀሃይ፣ ጸሃይ። አንባቢው የትኛውን እንደሚጽፍ ማን ያውቃል?

ብዙ ቦታ የሚወሰደው መፍትሔ ካታሎገሩን «በአንድ ፊደል ብቻ ጻፍ» ማለት ነው። እኔ አልስማማም። መዝገቡ መጽሐፉ ላይ ያለውን ርእስ እንዳለ መያዝ አለበት። ደራሲው «ሠላም» ብሎ ካሳተመ እኛ የማረም ሥልጣን የለንም። ደግሞም ካታሎገሩን ብታስገድዱት አንባቢውን አታስገድዱትም።

መስተካከል ያለበት ኢንዴክሱ፣ ማለትም ፍለጋው የሚያየው የቃላት ማውጫ፣ ነው። ኮሃ ሲጫን ፍለጋውን የሚሠራው ዜብራ የሚባል ሞተር ነው። ዜብራ ቃላትን ሲቆርጥና ሲያስተካክል አይ ሲ ዩ የሚባለውን ደንብ እንዲከተል ማድረግ ይቻላል። እንደ እኛ ላለ ከላቲን ውጭ ለሆነ ፊደል የሚመከረውም እሱ ነው። አሠራሩ ይኸው።

በዜብራ ማዋቀሪያ ማኅደር ውስጥ ያለውን ‹ዲፎልት› የሚል ኢንዴክስ ፋይል ክፈቱ። የተለመደውን የፊደል ሰንጠረዥ የሚጠራውን መስመር በአይ ሲ ዩ ሰንሰለት ተኩ። ከዚያ ለቃላትና ለሐረጎች የተዘጋጁት ሁለት የአይ ሲ ዩ ፋይሎች አሉ። ቃል ከሚቆረጥበት መስመር በፊት የ‹ትራንስሊተሬት› ደንብ ጨምሩ። ደንቡ «ይህን ፊደል ስታይ እንደዚያ ቁጠረው» ብቻ ነው የሚለው። ሠን እንደ ሰ። ፀን እንደ ጸ። ሐንና ኀን እንደ ሀ። ዐን እንደ አ።

ግን ፊደሉ አንድ ድምፅ አይደለም። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱንም ጻፉ፦ ሡን እንደ ሱ፣ ሢን እንደ ሲ፣ እስከ ሦ ድረስ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ነገር ይረሳል። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በአማርኛ እኩል ይነበባሉ። ስለዚህ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሁሉም ወደ ሀ ይሂዱ። ኣ፣ ዐ፣ ዓ ወደ አ።

ሲያልቅ በሲስተም ፕሪፈረንስ (የኮሃ ጠቅላላ ቅንብር) ውስጥ ‹ዩዝ አይ ሲ ዩ ስታይል ኮትስ› የሚለውን አብሩ፤ በቀድሞ ቅጂዎች ስሙ ‹ዩዝ አይ ሲ ዩ› ነበር። ዜብራን አስነሱና ኢንዴክሱን ከዜሮ እንደገና አሠሩ። መጽሐፍ ሳይገባ የሚሠራ ከሆነ ደቂቃ አይፈጅም። 30,000 መዝገብ ከገባ በኋላ ከሆነ ሥራ በሌለበት ሰዓት አድርጉት። ዜብራ ያንኑ ደንብ ሲመዘግብም ሲፈልግም ይጠቀምበታል፤ ለዚህ ነው የሚሠራው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ርእስ አይነካም።

ከዚያ ፈትኑ። 20 ቃላት ጻፉ፤ እያንዳንዱን በሁለት በሦስት መልክ። ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት ካመጡ ደንቡ ገብቷል። የቀየራችኋቸውን ፋይሎች ቅጂም ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ፓኬጁ ሲሻሻል «የኔን ልተካ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በችኮላ እሺ ያለ ሰው ሥራውን ያጣል።

ሁለት ተያያዥ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ አሮጌ የኤክሴል ዝርዝር ካላችሁ በምን እንደተጻፈ እዩ። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፊደላት የተጻፈ ከሆነ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ቁጥር) አይደለም። ኮሃ ውስጥ ሲገባ የላቲን ፊደል ድብልቅልቅ ይሆናል። አስቀድማችሁ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ።

ሁለተኛ፣ ፊደል ማመሳሰል ሁሉን አይፈታም። ጅማን ራሷን እዩ፦ ጅማ፣ ጂማ፣ በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ። ለዚህ የኦቶሪቲ መዝገብ፣ ማለትም የአንድ ስም የተለያዩ አጻጻፎች አብረው የሚያዙበት መዝገብ፣ አለ። አንዱን ዋና አድርጉ፣ ሌሎቹን በ4 በሚጀምሩት መስኮች እንደ አማራጭ ጻፉ። ‹ኢንክሉድ ሲ ፍሮም ኢን ሰርችስ› የሚለውን ፕሪፈረንስ አብርታችሁ ኢንዴክሱን እንደገና ካሠራችሁ በአማራጩም መጽሐፉ ይገኛል። የእኛ መደርደሪያ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ እንግሊዝኛና ዐረብኛ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ይህ ለጅማ ትርፍ ነገር አይደለም።

ስም፣ ዓመትና በዓል

ፈረንጅ የሠራው ፎርም የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የለንም። የደራሲን ስም በ100 መስክ ስታስገቡ የመጀመሪያውን ኢንዲኬተር (ከመስኩ ቁጥር ጎን ያለውን ምልክት) 0 አድርጉ። 0 ማለት በራስ ስም የሚጀምር ነው። የአባትን ስም አስቀድማችሁ ነጠላ ሰረዝ አታስገቡ። ለተማሪዎች ምዝገባ ደግሞ የራስ ስም በ‹ፈርስት ኔም›፣ የአባትና የአያት ስም በ‹ሰርኔም› ይግባ። ሌላ መንገድ ከመረጣችሁም ግድ የለም፤ ሁሉም ሠራተኛ በአንድ መንገድ ይሥራ ብቻ።

ዓመት ላይ ሁለቱንም ጻፉ። መጽሐፉ 2005 ዓ.ም. ካለ በ264 መስክ 2005 ብላችሁ በማዕዘን ቅንፍ 2012 ወይም 2013 ጨምሩ። በ008 ቋሚ መስክ ግን የፈረንጁን ዓመት አድርጉ። ኮሃ በዓመት የሚደረድረው ከዚያ ወስዶ ነው። ካልሆነ የአምና መጽሐፍ የዛሬ ስምንት ዘጠኝ ዓመት መጽሐፍ ሆኖ ይሰለፋል።

የበዓላት ሰሌዳው ቅጣትና መመለሻ ቀን የሚያሰላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ገና ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ስለሚውል «በየዓመቱ የሚደገም» ብላችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። እንቁጣጣሽን ግን እንደዚያ አታድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በ2023 ግን 12 ነበር፣ በ2027ም 12 ነው። ጥምቀትም በአራት ዓመት አንዴ ከ19 ወደ 20 ይሄዳል። ዒዶቹና መውሊድ በጨረቃ ስለሆኑ በየዓመቱ በእጅ ይገባሉ። መስከረም ላይ አንድ ሰዓት መድባችሁ የዓመቱን ሁሉ ጨርሱ።

ባክአፕ

ኮሃ በየሌሊቱ ራሱ ባክአፕ ይወስዳል። ጥሩ ነው። ግን በነባሪ የሚያስቀምጠው የሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ያውም እዚያው ማሽን ላይ። እኔ ይህን ያወቅሁት ረፍዶብኝ ነው። አንድ የሐምሌ ሌሊት ነጎድጓዱ የሰርቨሩን ሃርድ ዲስክ አቃጠለው። ባክአፑ እዚያው ዲስክ ላይ ነበር። በፍላሽ የቀዳሁት የመጨረሻው የሦስት ሳምንት ነበር። የሦስት ሳምንት ውሰት ከተማሪዎቹ ጋር እየተነጋገርን በደብተር መልሰን ጻፍን። አሁን በየቀኑ ወደ ሌላ ማሽን ይገለበጣል፣ በየዓርቡ ደግሞ በውጭ ዲስክ ከሕንፃው ይወጣል። በሦስት ወር አንዴ ባክአፑን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ትከሉት። ያልተሞከረ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም።

ችግርን በወጉ መንገር

ከዚህ በኋላ ወደ መመለሱ ነው። ቀላሉ ስጦታ በደንብ የተጻፈ የችግር ሪፖርት ነው። የኮሃ ሰዎች ብልሽትንም የማሻሻያ ሐሳብንም የሚመዘግቡት ባግዚላ በሚባል ሥርዓት ላይ ነው። አካውንት መክፈት ነፃ ነው።

መጀመሪያ ችግሩ ተመዝግቦ እንደሆነ ፈልጉ። ካለ «እኛም ጋ ይታያል» ብላችሁ የቅጂ ቁጥራችሁን ጨምሩ። ከሌለ አዲስ ክፈቱ። አንድ ሪፖርት፣ አንድ ችግር። «ካታሎጉ አማርኛ አይፈልግም» ብትሉ ማንም ሊረዳችሁ አይችልም። እንዲህ በሉ፦ ቅጂው ይህ ነው፤ ርእሱ «ዓለም» የሆነ መዝገብ ፈጠርኩ፤ ኢንዴክሱ እስኪያልቅ ጠበቅሁ፤ በተማሪዎች ገጽ «አለም» ብዬ ፈለግሁ፤ አንድ ውጤት ይመጣል ብዬ ነበር፤ ዜሮ መጣ። ይህን ያነበበ ሰው ፊንላንድም ተቀምጦ ራሱ ይሞክረዋል። ፎቶ ስታያይዙ የተማሪ ስምና ስልክ እንዳይታይ ሸፍኑ።

የደኅንነት ቀዳዳ ካገኛችሁ ግን በአደባባይ አትጻፉ። ባግዚላ ላይ ለዚህ ለብቻው የተከለለ የደኅንነት ክፍል አለ፤ እዚያ አስገቡት።

እንግሊዝኛችን አይፈስም ብላችሁ አትሸማቀቁ። ከማኅበረሰቡ ብዙዎቹ በቤታቸው ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፊንላንድኛ የሚናገሩ ናቸው። አጭርና ግልጽ ዐረፍተ ነገር ይበቃል።

ኮድ ሳትጽፉ ኮድ ማሳለፍ

ይህንን ስሰማ ገረመኝ። ኮሃ ውስጥ አንድ ፕሮግራመር የጻፈው ማስተካከያ ዝም ብሎ አይገባም። መጀመሪያ ሌላ ሰው ሞክሮ «ይሠራል» ብሎ ይፈርምበታል። ቀጥሎ የጥራት ቡድኑ ያየዋል። በመጨረሻ የዚያ ቅጂ ኃላፊ ያስገባዋል። የመጀመሪያው ፈራሚ ፕሮግራመር መሆን የለበትም። በየቀኑ የሚያውስና የሚመልስ ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል እንጂ።

ለዚህ ሳንድቦክስ የሚባል ነገር አለ። ብራውዘር ላይ ጊዜያዊ ኮሃ ትከፍታላችሁ፣ የሪፖርቱን ቁጥር ትሰጡታላችሁ፣ ማስተካከያውን ይጭንላችኋል። ፕሮግራመሩ የጻፈው የመፈተኛ ዝርዝር አለ፤ አንድ በአንድ ተከተሉ። ከሠራ ስማችሁንና ኢሜይላችሁን አስገብታችሁ ትፈርማላችሁ። ካልሠራ የት እንደቆመ ጻፉ፤ እሱም እኩል ሥራ ነው። ስማችሁና ኢሜይላችሁ በኮዱ ታሪክ ውስጥ ለሁሉም እየታየ ይቀራል፤ ስለዚህ ለሥራ የምትጠቀሙበትን ኢሜይል ስጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ አነስ ያለውን ምረጡ፤ የፊደል ስህተት የሚያርም ወይም አንድ ቁልፍ የሚያስተካክል።

አማርኛው

ኮሃን በአማርኛ መጫን ይቻላል፤ ያልተተረጎመው ክፍል ግን በእንግሊዝኛ ይታያል። ትርጉሙ የሚሠራው ዌብሌት በሚባል ገጽ ላይ ነው፤ አንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር እየመጣ። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ብትሰጡት ቶሎ ይታያል።

ከመተርጎማችሁ በፊት ግን በቃላት ተስማሙ። አንዱ ‹ተዋሽ›፣ ሌላው ‹ተገልጋይ›፣ ሦስተኛው ‹አባል› ካለ ተማሪው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይመስሉታል። እኔ ማዋስ፣ መመለስ፣ ማስያዝ፣ ጊዜው ያለፈበት በሚሉት እጸናለሁ። ባርኮድንና ካታሎግን እንዳሉ እተዋቸዋለሁ፤ ሰው የሚያውቃቸው በዚያ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የመቶኛ ምልክት ያለበት ኮድ ካያችሁ አትንኩት፤ ስም ወይም ቁጥር የሚገባበት ቦታ ነው። ቦታውን ግን ማዛወር ሊያስፈልጋችሁ ይችላል፤ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነውና የሚያስቀምጠው።

ያ የፊደል ማመሳሰያ ደንብም እንደዚሁ ነው። ጅማ ላይ ጽፈን ጅማ ላይ ብናስቀረው ጎንደርና ሐዋሳ ያለ ሰው ከባዶ ይጀምራል። ባግዚላ ላይ እንደ ማሻሻያ ሐሳብ አስገቡት፤ የፈተናችሁባቸውን 20 ቃላት አብራችሁ አያይዙ።

ጅማ ላይ ቡድን መፍጠር

ብቻ መሥራት ይሰለቻል። ከዩኒቨርሲቲው፣ ከኮሌጆች፣ ከትምህርት ቤቶች አራት አምስት ሰው በቂ ነው። በወር አንድ ከሰዓት፣ ቡና እየተፈላ። ደብዳቤም ማኅተምም አያስፈልገውም። አንድ ትርፍ ኮምፒውተር ላይ የመሞከሪያ ኮሃ ትከሉ፤ በእውነተኛው ሰርቨር ላይ ልምምድ የለም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሥራ ስጡት፦ አንዱ አንድ ሪፖርት ይጻፍ፣ አንዱ አንድ ማስተካከያ ይፈትን፣ አንዱ 30 ዐረፍተ ነገር ይተርጉም።

ከውጭው ማኅበረሰብ ጋር የምትገናኙት በቻት ነው። «ሰው አለ?» ብላችሁ አትጠብቁ። ጥያቄያችሁን በሙሉ ጻፉና ክፍት ተዉት። እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ኒውዚላንድ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ መልሱ ስትተኙ ሊመጣ ይችላል። ኮሃኮን የሚባል ዓመታዊ ጉባኤም አላቸው። በ2015 ናይጄሪያ፣ ኢባዳን ተካሂዶ ነበር።

የልማት ስብሰባዎቹ እዚያው ቻት ላይ ናቸው፣ ማንም መግባት ይችላል። ሰዓቱ የሚነገረው በዩ ቲ ሲ፣ በዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ፣ ነው። በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ 3 ቀንሱ፦ 14 ሰዓት ካሉ ለእኛ ከቀኑ 11 ነው። የመጀመሪያውን አዳምጡ። በሁለተኛው ስማችሁንና «ጅማ፣ ኢትዮጵያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ስብሰባው ሁልጊዜ የሚጀምረው ሁሉም ራሱን በማስተዋወቅ ነው።